የእህቴ ድምፅና የተዘጋው በር

ታላቅ እህቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ትሠራ ነበር። ሾፌሮች በየትኛው በር እንደሚገቡና ምን ወረቀት እንደሚይዙ ቀኑን ሙሉ እየደወሉ ይጠይቋታል። አንድ ቀን ሰልችቷት መልሱን በኦሮምኛና በአማርኛ በድምፅ ቀዳችና የሾፌሮቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጋብ አለ፤ እሷም ሌላ ሥራዋን መሥራት ቻለች።

ስትሞት ቦታዋን ለእኔ ሰጡኝ። ከአዳማ እየተመላለስኩ ለአዳዲስ ሾፌሮች የእሷን ድምፅ እልክ ነበር። "አካም ቡልተን"፣ እንደምን አደራችሁ፣ ብላ ነው የምትጀምረው።

በቅርቡ እሷ የጠቀሰችው የወደቡ በር ተዘጋና መግቢያው ወደ ሌላ በር ተዛወረ። አንድ ሾፌር እሷን ሰምቶ ወደ ድሮው በር ሄደ፤ ተራው አለፈው። አለቃዬ ጠሩኝና፣ "አዝናለሁ ልጄ፣ ድምፅዋ ዛሬ ከግሩፑ ይጥፋ" አሉኝ።

በተንተባተበ ኦሮምኛዬ አዲስ ቀዳሁ። የእሷን ስልኬ ላይ አስቀርቼ ከግሩፑ አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ሾፌር የእሷን ድምፅ መልሰው ግሩፑ ላይ ለቀቁት። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ያ በር እኮ ተዘግቷል።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ያንተን ስሰማ እንቅልፌ መጣ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሰላምታዋን ልስማ ብዬ ነው።"

አዲስ የሚመጡት ሾፌሮች ግን በሩ መዘጋቱን አያውቁም። እስከ መጨረሻው አዳመጥኳትና እንደገና አጠፋሁት።