የጌታዬ ጉንዳኖች

ትናንት ጠዋት ይፋግ ገበያ ላይ... ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

እኔ ደብረ ታቦር፣ አንድ ፊታውራሪ ቤት ጠጅ ጣይ ነበርኩ። ጃንሆይ እዚያ ከሰፈሩ ወዲህ ሰው ጥላውንም ይጠረጥራል። ስለዚህ ለጌታዬ ስቀዳ አስቀድሜ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ። መርዝ ካለበት እኔ ልደፋ ነዋ!

ጌታዬ ነፍሳቸው ጠጅ ነው፤ እሱም ማሩ የበዛ። ኋላ ግን የውሃ ጥም ያዛቸው። እየጠጡ ይሸናሉ፣ እየሸኑ ይጠጣሉ። ሰውነታቸው ሟሸሸ፤ እግራቸውና ፊታቸው ግን አበጠ። እመቤቴ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አልነቅል አሉ።

«ባሌን ምን አስነካሽብኝ?»

«እመቤቴ፣ በፊትዎ እየቀመስኩ?»

«ማርከሻውን ውጠሽ ይሆናላ!»

አንድ ቀን ጓሮ፣ ጌታዬ ከሚሸኑበት ቦታ ጉንዳን ግርር ብሎ ወጣ። «መተት ተቀብሯል!» ተባለና ተቆፈረ። ምንም የለም። ጌታዬ ቦታ ቀየሩ... በነጋታው ጉንዳኑ እዚያው ተከትሏቸዋል! እመቤቴ አሁንም የሚያዩት እኔን ነው። የምሰቀልበት ገመድ ታየኝ።

ሰው ሳያየኝ ጓሮ ሄድኩና... አትሳቁብኝ፣ ልማድ ክፉ ነው... በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ስንት ዘመን ማር የቀመስኩ ሴት በዚህ አልሳሳትም። ይጣፍጣል!

ሮጬ ጌታዬ እግር ላይ ወደቅሁ።

«ጌታዬ፣ ማሩ በሽንትዎ እየወጣ ነው። የጠጅ ማጥለያዬ ማር ሲበዛበት እንደሚደፈነው፣ ኩላሊትዎም ማጥለል ደክሞታል። በእመብርሃን፣ ጠጁን ይተዉት!»

«ጠጄን አስጥለሽ በውሃ ልትመርዢኝ ማን ላከሽ?» አሉኝ።

በዚያው ቀን ተባረርኩ። አንገቴ መትረፉም ተመስገን ነው። ይፋግ ዘመዶቼ ዘንድ ገባሁ።

ትናንት ጠዋት ታዲያ ገበያው መሐል የተካችኝን ጠጅ ጣይ አገኘኋት። ለጌታዬ ማር ልትገዛ መጥታለች። ፊቷ በርቷል።

«እሰይ በይ! ጉንዳኑ ድራሹ ጠፋ! መተቱ ተሻረ ብለው እመቤቴ ሰንጋ ሊያስጥሉ ነው።»

«ሽንታቸውስ?»

«ውይ፣ አንቺ ደግሞ... እሱማ ከቆመ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።»

ማሯን ተሸክማ እየተጣደፈች ሄደች። እኔ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ።