ለማን እንደመጡ ያልጠየቅናቸው ሽማግሌዎች

መቱ ላይ ዝናብ ሲጥል ታላቅ እህቴ ትናፍቀኛለች። ያኔ ቤታችን በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ነበራት። አንድ እግሯን በልጅነቷ ፖሊዮ ስለጎዳው በእግር የሚረገጠውን ትታ በእጅ በሚዞረው ነበር የምትሠራው። ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫ እሷ መኪናዋን ታዞራለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እናማለን። እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ ከዚያ ወዲህ የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ኖፓ ወረዳ የሚያስተምር አንድ መምህር ሱሪ ሊያሳጥር ይመጣ ነበር። አንድ ሰው ስንት ሱሪ ይረዝመዋል? እኔም ቀላል ሰው አይደለሁምና የሚመጣው እኔን ሊያይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፀጉሬን ዓርብ ዓርብ መሠራት ጀመርኩ።

አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። «ልጅዎን ለልጃችን» አሉና የመምህሩን ነገር አስረዱ። አባቴ እንደ ወጉ ኮስተር ብሎ ከዘመድ ልምከር አለ፤ የሁለት ሳምንት ቀጠሮም ሰጣቸው። የትኛዋን ልጅ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ምኑ ይጠየቃል? ሰፈርተኛው እህቴን ሲያይ፣ እሷማ የእናቷ ጧሪ ትሁን ይል ነበር፤ እናቴም አምናበታለች። ታላቅ ሳትዳር ታናሽ አትዳርም የሚለው ወግ እንኳ እሷ ጋ ሲደርስ ይረሳል።

በቀጠሮው ዋዜማ እናቴ እህቴን ጎሬ፣ አክስቴ ዘንድ ላከቻት። እንግዶቹ እግሯን አይተው የዘር ነው እንዳይሉ ብላ ነው እንጂ ለክፋት አልነበረም። እህቴ እሺ ብላ ክራንቿን ይዛ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። እኔ ቤት ቀርቼ ስኳኳል ስለነበር አልሸኘኋትም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። አንገቴን ደፍቼ ብርዝ አቀረብኩ። ትልቁ ሽማግሌ መረቁኝ፤ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ወደ አባቴ ተመለሱ።

«ማሎ፣ እባክዎ፣ ልጅቷ የታለች? ይቺኛዋማ ትደግ። እኛ የመጣነው ለባለ ስፌቷ ነው።»

ትሪውን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። አባቴ፣ እግሯን እያወቃችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ልጃችን ልቅም አድርጎ ያውቃል አሉት። በማግስቱ አባቴ ራሱ ጎሬ ሄዶ እህቴን ይዟት መጣ፤ ሁላችንም ባለንበት ሰውየውን ትወጂዋለሽ ወይ አላት። ከተስማማን ሦስት ወራችን ነው አለች።

እናቴ ተቆጣች። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሽው፣ ጎሬ ስልክሽስ እሺ ብለሽ የሄድሽው ለምንድን ነው አለቻት። እህቴ ግራ ገብቷት አየቻት።

«ለእኔ እንደመጡ የምታውቁ መስሎኝ ነዋ» አለች። «አውቃችሁ ጥያቄውን ወደ እሷ ያዞራችሁት መስሎኝ ነበር።»

አባቴ እሺ አለ፣ ሰርጉም ደምቆ አለፈ፤ ዛሬ እህቴ የልጆች እናት ናት። ያን ቀን ተቆጥታን ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ለቁጣዋ መልስ አላጣም ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም። የምትወደውን ሰው ወስደን ለእኔ ብንሰጠው የማይገርም ነገር አድርጋ ነበር የቆጠረችው።