ካቫን ውስጥ መርዶ ስጠብቅ

ታናሽ እህቴ አየርላንድ ከገባች ጀምሮ በየዓመቱ "ነይና ሐይቆቼን ላሳይሽ" ትለኝ ነበር። የምትኖረው ካቫን በሚባል የገጠር አውራጃ ነው፤ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የአገሩ ሰዎች በዓመቱ ቀናት ቁጥር ልክ ሐይቅ አለን እያሉ ይኩራራሉ አሉ። እኔ ደግሞ ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ውሃ ሲያምረኝ ፊዮርዱ፣ ወደ ከተማው የሚገባው የባሕር ሰርጥ፣ አፍንጫዬ ሥር ነው። "ሐይቅ ለማየት ብዬ አውሮፕላን አልሳፈርም፤ አንቺ ነይ" እላታለሁ። እሷም "እሺ" ትላለች፤ አትመጣም። ስድስት ዓመት እንዲህ ተባባልን።

አምና በግንቦት ግን ስልኳ ሌላ ሆነብኝ። "በዚህ ሳምንት ነይ እታለም። እረፍት ወስጃለሁ፤ እባክሽ እምቢ አትበዪኝ" አለች። እህቴ እባክሽ የምትል ሰው አይደለችም። የባሰው ደግሞ እናታችንን በስልክ ካገኘኋት ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። ደሴ የሚኖረው ወንድማችን በደወልኩ ቁጥር "ገጠር አክስታችን ጋ ሄዳለች፤ ኔትወርክ የለም" ይለኛል። ይህችን አነጋገር አሳምሬ አውቃታለሁ፤ እኔ ራሴ ለሌላ ሰው ብያታለሁ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው በሰው አገር ብቻውን ሆኖ የወላጁን ሞት እንዳይሰማ ይደበቅለታል፤ ወዳጅ ዘመድ ይመክራል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ከዚያ በማለዳ ተሰብስቦ በሩ ይንኳኳል። እዚያው ኦስሎ፣ ሮመን የሚባል ሰፈር የምትኖር አንዲት ጓደኛችን እናቷ የሞቱባት ጊዜ ሦስት ሳምንት ደብቀናታል። "ስልካቸው አልሠራ አለኝ" ስትል "ገጠር ሄደው ይሆናል" ያልኳት እኔ ነኝ። አንዷ ከአለቃዋ ፈቃድ ጠየቀችላት፤ ሌላዋ በዋዜማው እራት ጋብዛ በደንብ አበላቻት። ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን ሞልተን ስንወጣ ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። በሩን ከፍታ ፊታችንን እንዳየች ማንም ሳይናገር አወቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬ ሳይታሰብ በተንኳኳ ቁጥር ቶሎ አልከፍትም።

በምኖርበት ሰፈር፣ ሞርተንሩድ፣ ከእኔ በላይ ካለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤት አለችኝ፤ ባርነሃገ፣ ሕፃናት መዋያ፣ የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ነገሩን አጫወትኳት። ሰምታ ስትጨርስ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ናፍቄያት ይሆናላ" አልኳት።

"ኔይ፣ ለናፍቆት እንዲህ አይቸኮልም" አለች እንደ ልማዷ ኖርዌጅኛ እየቀላቀለች። "ሼፍሽን፣ አለቃሽን፣ የፌሪየ እረፍት ጠይቂና ሂጂ። ጥቁር ሻሽም ያዢ፤ ገጠር ነው፣ እዚያ አታገኚም።"

ለማጽናናት የተፈጠረች ሴት አይደለችም። የዚያኑ ዕለት ለእህቴ ደውዬ "እመጣለሁ" አልኳት፤ አልተከራከርኳትም። ሻሹን ከሻንጣዬ ልብሶች በላይ አጥፌ አስቀመጥኩት።

እህቴ ካቫን ከተማ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጠበቀችኝ። አቀፈችኝና አልለቅ አለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "በልተሻል?" ብላ ነው፤ ቀጥላ "እንቅልፍስ ተኝተሻል?" አለች። ልክ እኛ ሮመን እንዳደረግነው። ልቤ እዚያው ቁርጡን ያወቀ መሰለው። ግን አልጠየቅኋትም። ቀኑን የሚመርጠው ነጋሪው ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እስካልተነገረኝ ድረስ እናቴ አለች፤ አንድ ቀን እንኳ እንድትቆይልኝ ፈለግሁ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ጫካ ውስጥ ወዳለ መናፈሻ ወሰደችኝ። ሐይቁ በዛፎቹ መሃል እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ አለቀ ሲሉት ከወዲያ ማዶ ብቅ ይላል። በትንሽ ጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ተሻገርን። ደሴቷን ሞልቶ የቆመ፣ ግማሹ የፈረሰ ክብ የድንጋይ ግንብ አለ። ጀልባውን የሚቀዝፉት ሽማግሌ ግንቡ በድሮ ጊዜ እስር ቤት እንደነበር ነገሩን። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ጮኼ እንዳልሮጥ ዙሪያው ውሃ የሆነ ቦታ መርጣለች አልኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅሁ። እህቴ ቦርሳዋን ከፈተች። እንቁላል ያለበት ዳቦ አወጣችና "ብዪ" አለችኝ። በላሁ። ከዚያ በቀር ያለችኝ ነገር የለም።

በማግስቱ ደግሞ የወሰደችኝ መቃብር ቦታ ነው። ጎብኚ የሚሄድበት ነው፤ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ሙታናቸውን ያኖሩባቸው ትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በዛፎች መሃል አሉ። እህቴ የማብራሪያ ሰሌዳውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረችና መሃል ላይ ተቋረጠች፤ ፊቷን አዞረች።

"ምነው?" አልኳት።

"ነፋሱ ነው" አለች።

ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። እኔም የውሸት አስነጠስኩና ዓይኔን ጠረግሁ። ከኮረብታው ላይ ሆነው ሲያዩት ታች ያለው ሐይቅ ያምራል ይባላል፤ እኔ አላየሁትም። የእህቴን አፍ ነበር የማየው።

በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ፤ ድሮም ብዙ የለኝም። እየዘነበ ነበር። የአየርላንድ ረጅሙ ወንዝ፣ ሻነን፣ የሚነሳበትን ላሳይሽ ብላ በሣር ሜዳ አቋርጣ ወሰደችኝ። የደረስንበት ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ክብ ጥቁር ኩሬ ነው፤ ስፋቱ የአንድ ትልቅ ድንኳን ያህል ቢሆን ነው። እህቴ ውሃው ከተራራው ሥር ተሰውሮ እንዴት እንደሚመጣ ማስረዳት ጀመረች።

"በቃኝ" አልኳት። "ወንዙን ተይው። እማ የሞተችው መቼ ነው?"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለችና "አንቺ አይደለሽ እንዴ ልትነግሪኝ የመጣሽው?" አለችኝ።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ወንድማችን ለእሷም ያንኑ ነግሯታል፤ ገጠር ናት፣ ኔትወርክ የለም። መርዶው ከመጣ ብቻዬን ሆኜ አልስማው ብላ ነው እኔን የጠራችኝ። ስድስት ዓመት እምቢ ስላት የኖርኩት ሴትዮ በአንድ ቃል እሺ ስላት ደግሞ፣ በቃ አውቃለች፣ መርዶውን ይዛ እየመጣች ነው አለች። በመጣሁ ቀን ፎጣ ልትሰጠኝ ክፍሌ ስትገባ ከተከፈተው ሻንጣዬ ላይ ጥቁሩን ሻሽ አይታዋለች። ከዚያ ወዲያ ከሐይቅ ሐይቅ የምታዞረኝ ተቀምጬ ለመናገር ፋታ እንዳላገኝ ነው።

"አንድ ቀን እንኳ ትቆይልኝ ብዬ ነው እታለም" አለች።

መሳቅ ከጀመርኩ በኋላ ነው የነቃሁት። ሁለታችንም አናውቅም ማለት እናታችን ደህና ናት ማለት አይደለም። እህቴም ይህንኑ አስባ መሰለኝ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ሮጠን መኪናዋ ውስጥ ገባንና ለወንድማችን ደወልን። እኔ ጮህኩበት፤ እሱም መልሶ ጮኸብኝ።

"ገጠር ናት አልኳችሁ እኮ። የአክስታችን ልጅ ወልዳ እማ አራሷን እየጠበቀች ነው። በየቀኑ እየደወላችሁ ታደርቁኛላችሁ።"

"ድምፅዋን አሰማን" አልኩት።

ኮረብታው ላይ ሱቅ ያለው ሰው ስልክ ይሠራለታል፣ እሱ ሰው ልኮ ያስጠራታል፣ ጠብቁ አለን። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል። እህቴ ሁለቴ ስልኩ መሥራቱን አየች።

ስልኩ ጮኸ። "ሄሎ" አለች እናቴ፣ ኮረብታውን ወጥታ ቁና ቁና እየተነፈሰች። ሁለታችንም እኩል "እማ" አልን። ደረቴ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ተነስቶ ሄደ፤ እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። እህቴ መሪው ላይ ተደፍታ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች።

እናቴ ግን "ሁለታችሁ አንድ ቦታ ናችሁ?" አለች።

"አዎ፣ አብረን ነን።"

"እሺ። ተቀምጫለሁ።" ድምፅዋ ወረደ። "ማን ነው የሞተብን? ንገሩኝ።"

ማንም አልሞተም አልናት። ሐይቅ ልናይ ነው የተገናኘነው አልናት። አላመነችንም። "ሁለታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ላይ ያየኋችሁ አባታችሁ የሞቱ ጊዜ ነው" አለች። ሳስበው እውነቷን ነው። ያን ጊዜም ለቅሶው እንዳለቀ እሷም ወደ ሥራዋ፣ እኔም ወደ ሥራዬ፣ በየፊናችን ተመለስን። "ወላሂ በሉ" አለችን። ተራ በተራ ወላሂ አልን።

"እንዲሁ በደህናው ነው የተገናኛችሁት?" ብላ ደግማ ጠየቀች። "ማንም ሳይሞት?"

"ማንም ሳይሞት እማ።"

ትንፋሽዋ ይሰማናል። ከወዲያ አንድ ሰው በጎችን ያባርራል።

"እንግዲያው ቆዩ" አለች። "ለመለያየት አትቸኩሉ። ትንሽ አብራችሁ ቆዩ።"