ግራሶ የቀባሁት በር

አምቦ ውስጥ ለዓይነ ስውር ተማሪ ቤት ማከራየት ጽድቅ ነው ይባላል። ጽድቁን የሚፈልግ ሰው ግን ብዙ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጋር ሆነን አሥራ አንድ ግቢ አንኳኩተናል። አንዱ «ቡታጋዝ ታፈነዱብናላችሁ» አለን። ሌላው «የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክፍት ነው፣ ገብታችሁ ጣጣ ታመጡብናላችሁ» አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ልጆቼ፣ በጠዋት ስወጣ መጀመሪያ የማየው እናንተን እንዲሆን አልፈልግም» ብላ በሩን ዘጋች። እሷን እስከ ዛሬ አልቀየምኳትም፣ ቢያንስ አልዋሸችንም።

ልጅቷ እንደ እኔው ዓይነ ስውር ናት። ከሸነን ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው። ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አማርኛዋ ገና ስለነበር በኦሮምኛ እናወራለን፣ ስትናደድ ግን ሁለቱንም ትደባልቃለች። አባቷ ይዟት የመጣ ቀን እጄን ጨብጦ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ታላቅ እህቷ አንቺ ነሽ» አለኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ችግር አለው፣ አፍ ነው።

አሥራ ሁለተኛው ግቢ ገባንበት። አከራያችን ጡረታ የወጣ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ የሚጨብጠው ሰው ነው። ያኔ ጋሼ እያልኩ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ አንቱታው ከአፌ አይወጣም፣ ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው። እኛን ካስገባ በኋላ ስሙ የበለጠ ገነነ። ሰፈርተኛው ሲያልፍ ሲያገድም ይመርቀዋል፣ እሱም ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል አሉ። ሚስቱ እትዬ ግን ምርቃት የሚያስደስታት ዓይነት አልነበረችም። በገባን በሳምንቱ የክፍላችንን አምፖል ፈትታ ወሰደች። «ለእናንተ ምን ይሠራላችኋል፣ መብራት አታስቆጥሩብኝ» አለች። ሳቅን እንጂ ምን እንላለን፣ እውነቷን ነው።

በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ስንወጣ በቁልፍ እንዘጋዋለን፣ ስንገባ ግን ገፋ አድርገን መተው ነው። መቀርቀሪያ ይደረግልን ብዬ ስጠይቀው ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ብትወድቁ፣ እሳት ቢነሳ፣ በምን ገብተን እናወጣችኋለን? ለእናንተው ብዬ ነው» አለኝ። እኔም እንደ ጅል አመሰገንኩት።

ቅዳሜ ገበያ ነው። እትዬ ዘንቢሏን ይዛ ትወጣለች፣ እኛ ደግሞ ውኃ አሙቀን እክፍላችን ውስጥ በሳፋ ገላችንን እንታጠባለን። አንድ ቅዳሜ ጀርባዬን እያሸሁ ሳለ የአስፋልቱ ድምፅ ቀነሰብኝ። ይህን ለሚያይ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በሩ ገርበብ ሲል የባጃጁ ጩኸት ከውጭ ሞልቶ ይገባል። ሰው በሩ ላይ ሲቆም ግን ድምፁ ይታፈናል፣ ሰውዬው ሲሄድ ይመለሳል። እኛ አገር ደግሞ ሰው ቤት የሚገባ ሰው ከውጭ «ቤቶች!» ይላል፣ ሳይናገር የሚገባ ሌባ ብቻ ነው። ያ ቀን የቆመው ሰው አልተናገረም። ጫማውን እንኳ አውልቆ ነው የመጣው። ልጅቷም ሰምታ ኖሮ እጄን ጨመቀችኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፣ በሌላውም። ፎጣ በገመድ ወጥረን ከኋላው መታጠብ ጀመርን። ማን እንደሆነ አልጠፋንም። ከእትዬ ውጪ እዚያ ግቢ የሚኖሩት ጋሼና ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ተከራይ ናቸው፣ እሷ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ናት። ግን ምን ብለን እንናገር? ነገር በዓይን ይገባል የሚል ሕዝብ መሀል፣ በጆሮዬ ገባ ብል ማን ይሰማኛል?

አንድ ቅዳሜ እኔ ለማትሪክ ማጠናከሪያ ትምህርት ሄድኩና እሷ ብቻዋን ቀረች። ስመለስ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፀጉሯ ላይ ሳሙናው ደርቋል፣ ቀሚሷን እርጥብ ገላዋ ላይ ለብሳዋለች። «እጁን አሳረፈብኝ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሳሙናውን አጠብኩላት። ስታለቅስ ድምፅ አታወጣም ነበር፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ያንን በእጄ ነው ያወቅሁት።

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከግቢያችን አጠገብ ያለው ጋራዥ ገባሁና ለበር ማጠፊያ ነው ብዬ በላስቲክ ግራሶ ለመንኩ። ቅዳሜ እትዬ እንደወጣች የበሩን ጠርዝ በውጭ በኩል፣ ደረት ላይ በሚደርሰው ቦታ፣ ደህና አድርጌ ለቀለቅኩት። የሚያንኳኳ ሰው የበሩን መሀል ነው የሚመታው፣ ምንም አይነካውም። ሰው እንዳይሰማው ቀስ ብሎ የሚገፋ ግን ጠርዙን ይይዛል። ከዚያ ልብሳችንን እንደለበስን ተቀምጠን ውኃውን ከጆግ ወደ ሳፋ፣ ከሳፋ ወደ ጆግ እናንቆረቁር ጀመር። ብዙም አልቆየ፣ አስፋልቱ ታፈነ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አልኩ ጮክ ብዬ።  የባጃጁ ድምፅ ተመልሶ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ያቺ የጤና ጣቢያ ጎረቤታችን ከሥራ ተመልሳ ቧንቧው ጋ ደረሰችበት። «ጋሼ፣ ሸሚዝዎን ምን ነካው? እጅዎም ጥቁር ነው» ስትለው ሰማሁ። «መኪና ነክቼ ነው» አላት። መኪና ኖሮት አያውቅም። ወጥቼ በሩን አሳየኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ሰኞ ልጅቷን ይዘን ቀበሌ ሄድን። እዚያ ያለው ሰው «ጋሼ የተከበሩ ሰው ስለሆኑ መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩት፣ ካልሆነ ትመጣላችሁ» አለን። የልጅቷ አባት ተጠራ። ሽማግሌዎቹን የመረጣቸው ጋሼ ራሱ ነው።

ሽማግሌ በተቀመጠበት ቀን ዋዜማ እትዬ ክፍላችን መጣች። ልጅቷ ቧንቧ ጋ ነበረች። እትዬ እንደ እናት አጠገቤ ተቀመጠችና «አንቺ አዋቂ ነሽ። ፈተናሽ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ነገ ነገሩን ካከረርሽው ሁለታችሁም ትወጣላችሁ። አሥራ አንድ ቤት ዞራችሁ ነው እዚህ የመጣችሁ፣ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ» አለች። ሌላ ነገር አላለችም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸው ነው፣ ልታስፈራራኝ ብዙም አልደከመችም።

በማግስቱ ሳሎናቸው ተቀመጥን። ጎረቤታችን ያየችውን ሳትፈራ ተናገረች። ጋሼ አሁን የመኪናውን ነገር ተወው። «አምፖላቸው ተቃጥሎ እንደሆነ ለማየት ገብቼ ነው» አለ። እኔ ሳቅ አመለጠኝ። «ጋሼ፣ አምፖል እኮ የለንም፣ እትዬ ፈትተው ወስደውታል» አልኩ።  አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ «መቼም ሰው በዕድሜው ይዘነጋል» አለና አለፈው። ልጅቷን «ለመሆኑ አይተሽዋል?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «እጁን አውቀዋለሁ» አለች። «እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ» አላት።

ከዚያ ጋሼ ተነሥቶ ማለ። «ይችን ልጅ ነክቻት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። አሜን አሉ፣ አንዱም አልቀረ። እዚያ ሳሎን ውስጥ ሁለት ዓይነ ስውር ተቀምጠን፣ ለእሱ ከሞት የባሰው እርግማን የእኛ ኑሮ ነው። ልጅቷ እጄን ያዘችኝ።

በመጨረሻ አባቷ፣ እስከዚያ አንድም ቃል ያልተነፈሰው ሰው፣ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ከልጄ ጋር ነው የምትኖሪው። ይህ ሰው ልጄን ነክቷታል?» አለኝ በኦሮምኛ። እኔ የሰጠሁት መልስ «እሱን አላውቅም» የሚል ነው። ሳሙናውን ከፀጉሯ ያጠብኩት እኔ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የያዝኩት እኔ፣ አላውቅም አልኩ። ልጅቷ እጇን ከእጄ አወጣች። 

እርቁ ተፈጸመ። ጋሼ ሳያንኳኳ መግባቱ ስህተት ነው ተባለ፣ በራችን ላይ የውስጥ መቀርቀሪያ ይደረግ ተባለ፣ ምርቃት ወረደ። አባቷ ግን የዚያኑ ዕለት ዕቃዋን ሸክፎ ልጁን ይዟት ሄደ። ጎረቤታችን በወሩ ቤቱን ልቀቂ ተባለች። እሷ ዓይን ስላላት በአንድ ቀን ሌላ ቤት አገኘች። እኔ አዲሱን መቀርቀሪያ እየዘጋሁ አጠናሁ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። እሰይ ተባለልኝ።

አሁን ጉደር አስተማሪ ነኝ። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ቤት ሲከራዩ አብሬ እሄዳለሁ። መቀርቀሪያውን በእጄ ሳልነካ ውል አይፈረምም፣ አከራዮች ነገረኛ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ስብሰባ ላይ እንድናገር ይጋብዙኛል። የልጅቷን ነገር እዚያ ተናግሬው አላውቅም። በሆዴ ግን ራሴን የማጽናናበት አንድ ነገር ነበረኝ፦ እውነቱን ብናገርም ያው ነበር፣ ሽማግሌዎቹ የእሱ ሰዎች ናቸው፣ አባትየውም ደንግጦ ይወስዳት ነበር፣ ተጨማሪ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ከመውደቅ በቀር ምን ይለወጥ ነበር እያልኩ። ብዙ ዓመት በዚህ ተኛሁ።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤታችን አቋርጠው የቀሩ ዓይነ ስውራንን እንደገና መመዝገብ ሲጀምር ወደ ሸነን ሄድኩ። ከከተማው አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ልጅ እቤታቸው ድረስ አደረሰኝ። አባቷ በድምፄ አወቀኝ። «አካም ጅርቱ» ተባባልን፣ እርጎ ቀረበልኝ። ልጅቷ ጓዳ በቆሎ ትፈለፍላለች፣ የፍሬው ድምፅ እሳፋ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማኛል። የመጣሁበትን ነገርኩት።

«ከእንግዲህ ከተማ ምን ያደርግላታል» አለ። ቀጥሎም «ያን ቀን አንቺን የጠየቅኩሽ ለምን ይመስልሻል?» አለኝ። «እነዚያን ሽማግሌዎች ልሰማ አልነበረም። የማን ሰዎች እንደሆኑ አውቄ ነው የገባሁት። አንቺ ከልጄ ጋር ከአንድ ትሪ የበላሽ ነሽ ብዬ ነው። አዎ ብትዪኝ ጌዶ ያለው ወንድሜ ዘንድ ላስገባት፣ እዚያ ልትማር፣ ያን ሰውዬ ደግሞ ልከስሰው ከወንድሜ ጋር ተነጋግሬ ነበር የመጣሁት። አላውቅም ስትዪ ጊዜ ልጄ በሽማግሌ ላይ ዋሸች አልኩ። የምትዋሽ ልጅ ከተማ ላይ ምን ልትሆን ነው ብዬ አመጣኋት። እዚህም ስትመጣ፣ ምን ልዋሽሽ፣ በአለንጋ ነው የተቀበልኳት።»

የበቆሎው ድምፅ ቆሟል።

«አባባ» አልኩት፣ «አልዋሸችም። ነክቷታል። የዚያኑ ቀን ነግራኛለች። አውቅ ነበር።»

ሰውዬው አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ በወደድኩ። በኦሮምኛ ልጁን ጠራት፣ መጥታ በር ላይ ቆመች። «ልጄ፣ እውነትሽን ነበር» አላት። 

«እኔ እኮ አውቃለሁ» አለች እሷ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች፣ በረጋ እርምጃ። ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዘጠነኛ ክፍልን ከመጀመሪያው ትደግም እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ አዎ አልኳት። አማርኛዋ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ተሻሽሏል፣ «ሬዲዮ ስሰማ ነው» አለች። ጥያቄዎቿ ልቤን ሞቅ አደረጉት። ትመጣለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

«ማደሪያስ የት ነው?» አለችኝ።

«ከእኔ ጋር። ሁለት ክፍል አለኝ፣ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል፣ ማንም አይደርስብሽም» አልኳት።



«አይ እህቴ» አለች፣ «እዚያኛው ቤት እኮ ቢያንስ ማንን እንደምፈራ አውቅ ነበር።»