የእህቴ የገብስ ማሳና የአዲስ አበባ ፎቆች

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ታላቅ እህቴ ዘነበች ከመንዝ ደወለችና ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ፣ «እናንተ አገር ፎቅ መሥራቱ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል?» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ ግን አልቀለደችም። አባታችን ለሁለታችን በተወልን የገብስ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ ልትተክል አስባለች። ነጋዴዎች አጠናውን እየገዙ ለፎቅ መሥሪያ መወጣጫ ወደ አዲስ አበባ ይጭኑታል። ዛፉ ለዚያ እስኪደርስ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ያን ጊዜም ፎቅ የሚሠራ ሰው ይኖር እንደሆነ ማወቅ ፈለገች።

«አንተ እዚያው ውስጡ ነህ፤ ሳታውቅ አትቀርም» አለችኝ።

እንጀራዬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት መግጠም ስለሆነ ውስጡ ነኝ ማለቷ እውነት ነው። ማወቁ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ማሳ ባሕር ዛፍ ከሆነ በኋላ ጉቶውን ነቅሎ መልሶ ማረስ ቀላል እንዳልሆነ ደግሞ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። በስልክ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ፣ ከአሠሪዬ ጥቂት ቀን ፈቃድ ለምኜ ተነሣሁ።

ከላምበረት እስከ ጣርማበር

አውቶቡሱ ከላምበረት መናኸሪያ የወጣው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የቤት ደላላ ነበር፤ ይህንን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከከተማው እስክንወጣ ድረስ በመስኮቱ እየጠቆመ የፎቆቹን ዋጋ ሲነግረኝ ቆየ።

«እድገት በዓይን ይታያል ማለት ይሄ ነው! አምና እዚህ ቦታ ላይ ከብት ይግጥ ነበር» አለኝ።

«ያለቁት ውስጥ ሰው ገብቶባቸዋል?» አልኩት።

«መግባቱ ምን ያደርግልሃል? ዋናው ዋጋው መጨመሩ ነው!»

 ባለፈው ዓመት መስኮት ከገጠምኩበት ሕንፃ ጥበቃው ደውሎልኝ ነበር። አንዱ መስኮት እጀታው ተሰብሯል ብሎኝ ስሄድ፣ ከፋብሪካ የመጣው መሸፈኛ ላስቲክ ከፍሬሙ ላይ ገና አልተላጠም። እጀታውን የሰበረው ነፋስ ነው፤ ሰው ገብቶበት አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ዓይነት ቤት ነው። ይህን እያወቅኩ ደግሞ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የምከፍለው ከእነዚሁ መስኮቶች ነው። ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ ግድግዳ ለስኖ እንደኔ ማታ ቤቱ ዳቦ ይዞ የሚገባውም ሰው ብዙ ነው። እድገቱ ሐሰት ነው እንዳልል እየበላሁበት ነው፤ እውነት ነው እንዳልል ደግሞ ያየሁትን አይቻለሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ በላን። ሽሮው መቶ ሰማንያ ብር ነው፤ ደግነቱ ሲበሉት ያሞቃል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ጭጋግ ነበር። ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ ስንታጠፍ ሹፌሩ በቀን መብራት አበራ። ደላላው ከደብረ ብርሃን አልፎ ስላልሄደ ቀሪውን መንገድ የእህቴን ጥያቄ ሳስብ ሄድኩ።

ሞላሌ፣ የገበያ ቀን

ሞላሌ ስንደርስ ገበያው ሞቅ ብሎ ነበር። በግ የሚጎትት፣ ገብስ በስልቻ የጫነ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ስለቆመ እኔም ወረድኩ። ከገበያው ዳር አንድ አይሱዙ አጠና ይጫንበታል። ነጋዴው ጋቢውን አጣፍቶ ጫኞቹን ይቆጣ ነበር።

«ይሄ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«አዲስ አበባ ነዋ! ታዲያ በዚህ ሁሉ እንጨት እኔ ምን ልሠራበት ኖሯል?»

«ገበያው እንዴት ነው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርህ? ትልልቆቹ ኮንትራክተሮች የብረት መወጣጫ ይዘዋል። ብረቱ አይሰበር፣ አይበሰብስ። እኛን የሚፈልገን ትንንሹ ነው። ዘንድሮ አንድ ጭነት ለማራገፍ ሦስት ሳይት አዞሩኝ።»

ይህንን እኔም አውቀው ነበር። በምሠራባቸው ሳይቶች ዙሪያውን የማየው ብረት ነው። ግን ከእንጨት ነጋዴ አፍ ስሰማው ሌላ ነገር ታየኝ። ከተማው እስከ ሰማይ ቢያድግ እንኳ የእህቴን ዛፍ የማይፈልግበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን ለያይቼ አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

ዘነበች ቤት

ያን ቀን መሐል ሜዳ አድሬ፣ በማግሥቱ ወደ ጓሳ ሜዳ በኩል በእግሬ ወጣሁ። የእህቴ ቤት የአባታችን የድንጋይ ቤት ነው፤ ድሮ በጓሳ ሣር ይከደን ነበር፣ አሁን ቆርቆሮ ነው። ከግድግዳው ሥር፣ ነፋስ በማያገኛቸው ቦታ፣ በጥቁር ላስቲክ የተተከሉ የባሕር ዛፍ ችግኞች ተደርድረዋል። ሐምሌን ነው የሚጠብቁት። አንዱን ጎንበስ ብዬ ሳየው ከበስተኋላዬ፣

«አምረዋል አይደል?» አለች ዘነበች።

ተቃቅፈን ተሳሳምን። በሶ በጠብጣ፣ የገብስ ጠላ ቀድታ አስቀመጠችኝ፤ ከዚያ «በል ንገረኝ» አለች።

ነገርኳት። ያልተላጠውን ላስቲክ፣ ደላላውን፣ የሞላሌውን ነጋዴ፣ የብረቱን መወጣጫ። ፎቁ ሊቀጥልም ሊቆምም እንደሚችል፣ ቢቀጥልም አጠናውን ላይፈልግ እንደሚችል። ባትተክዪ ይሻልሻል ብዬ ጨረስኩ። ስታዳምጠኝ ቆየችና፣

«ደረጀ፣ አንተ ከዚያው እየበላህ ለእኔ ሲሆን አይታመንም ትለኛለህ?» አለችኝ።

እሷም ቀጠለች።

«ልጆቼ ሁለቱም ወደ እናንተ ከተማ ሄደዋል። አንዱ ፎቅ ላይ ፌሮ ብረት ያስራል፣ አንዱ ቀለም ይቀባል። አባታቸው ካረፈ ስንት ክረምት ሆነው? ጥማድ በሬ አለኝ። ያጣሁት ከበሬው ኋላ የሚሄድ ሰው ነው። ለእኩል አራሽ ብሰጠው ግማሹን ይወስዳል፤ እሱም የራሱን ሳይጨርስ የእኔን አይጀምርልኝ። አምና ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው የዘራልኝ፣ ውርጭ በላው። ባሕር ዛፍ ግን አርሰኝ አይል፣ አርመኝ አይል፣ ከወፍ ጠብቀኝ አይል።»

ያን ጊዜ አፈርኩ። የመጣሁት የከተማውን እድገት ልመዝንላት ነበር። ከተማው አራሾቿን መውሰዱን ግን በሚዛኑ ላይ አላስቀመጥኩትም።

ወደ ምንጩ

በማግሥቱ አጎታችን መምሬ ኃይሉ ከቅዳሴ ሲወጡ ማሳውን አብረን ልናይ ሄድን። የአባታችን ታናሽ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ደብር አገልግለዋል። ማሳው ቁልቁል ወርዶ የሚያልቀው መንደሩ ሁሉ የሚቀዳበት ምንጭ አጠገብ ነው። ከበላያችን የጓሳ ሜዳ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ሣሩ እንዲያድግ ሽማግሌዎች ስለዘጉት የሚያጭድም የሚያግድም አይታይበትም።

መምሬ በመቋሚያቸው ምንጩን አመለከቱኝ። «ዛፉ ውኃ ጠጪ ነው። እዚህ ድረስ ከወረደ ይህን አታገኙትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።»

«ይህን ለዘነበች ነግረዋታል?»

«ነግሬያታለሁ። ግን ምን አፍ አለኝ? ቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ የለበሰችው በባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው። አራሽ ላገኝላትም አልቻልኩ። ጎበዙ ሁሉ እናንተ ዘንድ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔም ጉልበቴ ከድቶኛል።»

ከሰዓት በኋላ ለዘነበች፣ «የእኔን ድርሻ እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ፈቅጃለሁ» አልኳት። ሳቋ መጣ።

«ፈቃድ መቼ ጠየቅሁህ? የጠየቅሁህ ወሬ ነው። ወሬውን ነግረኸኛል፣ አመሰግናለሁ።»

ስሄድ ሙክት ልትሸልመኝ ነበር፤ አውቶቡስ አይጭነውም ብዬ በመከራ አስተውኳት። በምትኩ አንድ ስልቻ ቆሎ አሸከመችኝ።

መልስ

አዲስ አበባ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ፎቆቹ ከሩቅ ሲታዩ፣ ለዓይን ያምራሉ፤ አልክድም። ከዚህ በኋላ ግን ከተማው አድጓል ወይ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ቁመታቸውን አይቼ አልመልስለትም። ፎቁን የሚሠሩት ልጆች ከየት ቤት እንደወጡ፣ ያ ቤት ዛሬ እንዴት እንዳለ እጠይቀዋለሁ። ለእናታቸው የሚተርፍ ነገር ከላኩ፣ ያቺም እናት በላኩላት አራሽ ከቀጠረች፣ እድገቱን አምናለሁ። የዘነበች ልጆች የሚያገኙት የቤት ኪራያቸውን ከፍሎ ለምሳ አይተርፋቸውም።

ሐምሌ እንደገባ ደወለች።

«ተከልሁት» አለችኝ።

«ያን ሁሉ ነግሬሽ?»

«ሊቆምም ይችላል፣ ላይቆምም ይችላል አልከኝ። እጄ ግን ያው ሁለት ነው፣ ወንድም ዓለም።»

 ቀጠለችና፣ «ከምንጩ አጠገብ ያለውን ግን ለመምሬ ስል ለገብስ ትቼዋለሁ» አለች።

«ማን ሊያርሰው?»

«አንተ ነሃ! ሌላ ማን አለኝ? መዝሪያው ሳያልፍ ድረስ።»

እርፍ ከጨበጥኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ለአሠሪዬ እህቴ ዘንድ ላርስ እሄዳለሁ ስለው ፈገግ አለና የያዝነው ፎቅ ለመስከረም መድረስ አለበት ብሎ ከለከለኝ። ያለ ፈቃድ ሄድኩ።