ሳቢያን የበቀለው ቱሊፕ

ቱሊፕ የሚባል አበባ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ከእንግዲህም ባላየው ቅር አይለኝም። ታላቅ ወንድሜ ግን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለውን የአባታችንን ቤት የሳሎን ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ ቱሊፕ አልብሶታል፤ በሴራሚክ። ቀይ ቱሊፕ፣ ቢጫ ቱሊፕ፣ ሐምራዊ ቱሊፕ በመስመር በመስመር የተተከለበት እርሻ ነው፤ በመሀሉ የነፋስ ወፍጮ፣ በላዩ ሰማይ። የፈረንጅ አገር ፀደይ ነው አለን። ድንቄም ፀደይ! ድሬ ላይ የምናውቀው ሙቀት ነው፤ እሱ ሲያልፍ ደግሞ የባሰው ይመጣል። አበባ ካማረውማ ደጃፉ ላይ ያለው ቡገንቪላ በየቀኑ ይረግፋል፤ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ ትሰበስበዋለች። እሱ ግን በነፃ የበቀለ ነገር ዓይኑ አይገባም።

ያ ግድግዳ ባዶ ቢሆን ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ። ግን መስኮት ነበረው። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤቱን ሲያሠራ ንፋስ በየት በኩል እንደሚመጣ አይቶ ትልቁን መስኮት በዚያ በኩል አስወጣው። መስኮቱ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ግቢ ነው፤ የእኛ ግድግዳ የእነሱም አጥር ነበር። ጎረቤታችን ኦሮሞ ናት፣ ሙስሊም፤ ሟቹ ባሏ ከአባቴ ጋር ምድር ባቡር የሠራ። እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ አልጋዋ የሚነጠፈው እዚያ መስኮት ሥር ነው። ጎረቤቷ ከወዲያ በርጩማዋ ላይ፣ እናቴ ከወዲህ ትራሷን ተደግፋ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያሙ ይውላሉ። ሳምቡሳ በዚያ ያልፋል፣ ድፎ ዳቦ በዚያ ያልፋል፣ ማን ታመመ ማን ተዳረ የሚለው ወሬም በዚያ ያልፋል። እናቴ ሰው የምታገኝበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ከየት መጣ ቢባል፣ የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ከሚኖር ልጅ ጋር ተዋደደች፤ የልጁም ወገኖች ሽማግሌ ሊልኩ ቀን ቆረጡ። በዚያው ሰሞን ወንድሜ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሀብታም ወዳጁ ሳሎን ውስጥ ይህን ጉድ አየ። በቃ! እሱ እንደሆነ የሰው ቤት ያየውን ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ የምኖረው ከሳቢያን ርቆ መጋላ ሰፈር ነው፤ ወሬውን እንደሰማሁ ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

«መስኮቱስ?» አልኩት።

«ይደፈናል። እንግዳ መጥቶ የሰው ልብስ ማስጫ እያየ ይቀመጥ እንዴ?»

«እማዬስ? ከማን ጋር ታውራ?»

«ኤሲ አስገባላታለሁ አቦ! አንቺን ምን ያንገበግብሻል?»

«ኤሲ ያወራል?»

«ራሷ ፈቅዳለች፤ ካላመንሽ ጠይቂያት።»

ጠየቅኋት። ለካ «እማዬ፣ ቤት ውስጥ አበባ ላምጣልሽ?» ብሏት ኖሯል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አበባ መስሏት «አምጣ ልጄ፣ ይባርክህ» አለችው። ይህችን ነው ፈቃድ ብሎ የያዛት። እናቱን ያታለለ ሰው ማንን አያታልል!

አንድ እሁድ እናታችንን በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን አድርሻት ስንመለስ ብሎኬቱ ተደርድሮ አልቋል። እርጥቡን ሲሚንቶ በመዳፏ ዳበሰችው። «ታዲያ እሷ በየት ትጥራኝ?» ብቻ አለች። ወንድሜ «ይለመዳል» አላት። እጄን በላኝ፤ ታላቅ ነው ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ ሴራሚኩ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ከእያንዳንዱ ጀርባ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ በቁጥሩ ተራ ሲደረደር እርሻው ይወጣል። እዚህ አገር ደግሞ ሴራሚክ ደረቁን አይለጠፍም። ሙቀቱ የሲሚንቶውን ውሃ ስለሚመጥጥበት በርሜል ውስጥ ተነክሮ ያድራል፤ ድሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ ግንበኛ የለም። ወንድሜ ራሱ ከፊት ቆሞ «ንከሩ! በደንብ ይጠጣ!» እያለ አስነከረው። ጠዋት በርሜሉ ሲከፈት ቁጥሮቹ በሙሉ ተላቅቀው ከላይ ይንሳፈፋሉ።

«ችግር የለም» አለ ወንድሜ፣ «ካርቶኑ ላይ ሙሉ ሥዕሉ አለ።»

ካርቶኑን ደግሞ ማታውኑ ከደጅ አስጥሎታል። የሳቢያን ፍየል ካርቶን ስታገኝ ምን እንደምታደርግ ለድሬ ሰው አይነገርም። ሮጠን ስንወጣ አንዲት ቡላ ፍየል የመጨረሻዋን ቁራጭ ዓይኗን ጨፍና እያላመጠች ነው። አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

እሱ ግን ይሸነፋል? «አይቼዋለሁ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ» ብሎ እጁን እያወናጨፈ ያስለጥፍ ጀመር። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። የወፍጮው አንዱ ክንፍ ሰማይ ላይ ቀረ፣ ሌላው ቱሊፑ መሀል ተተከለ። ደመናው ከአበባው ሥር ተነጠፈ፤ ቀይ አበባ ከኮርኒሱ ተንጠለጠለ። አበባ የምትለቅም አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ ምስኪን፣ ባርኔጣዋ ወለሉ ጋ፣ እግሯ ጣሪያው ጥግ። ሲሚንቶው እንደሆነ ይዟል፣ ለማፍረስም ጊዜ የለም። የወንድሜ ሚስት ከሩቅ ሲያዩት ያምራል አለች። እውነቷን ነው፤ ከመጋላ ሆኜ ሳየው ያምራል።

ኤሲውም ገባ። መብራት በሄደ ቁጥር ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ሳሎኑ ዳቦ ቤት ነው። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ያንን ዝብርቅርቅ ስታይ ትውላለች። ጎረቤቷ ከወዲያ ብትጣራ አይሰማም። አንድ ቀን ከዘራዋን ይዛ፣ ዙሪያውን ዞራ፣ በዋናው በር ብትመጣ የወንድሜ ሚስት «አሁን አቧራ ላይ ነን» ብላ ከደጅ መለሰቻት። ያንን ሁሉ መንገድ የመጣችን አሮጊት! እናቴ ምግብ መተው ጀመረች። በሄድኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ደህና ናት ወይ?» ሥጋዋ ሲያልቅ በዓይኔ እያየሁ ነበር፤ ወንድሜ ግን ቱሊፑን በጨርቅ ይወለውላል።

ስለዚህ መልእክት ማመላለስ ያዝኩ፤ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ፣ ደስ እያለኝ። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ የጎረቤታችን ጎረምሳ የልጅ ልጆች ባለመደገፊያ የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ከተፍ አሉ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቃቸው ነበር። አስቀመጧትና ወንበሩን ከነሷ አነሱት።

«ወርያ! የት ነው የምትወስዷት?» አለ ወንድሜ።

«ንፋስ ልቀበል ነው» አለችው እናቴ ከላይ ሆና።

ሲመሽ ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ። አልተመለሰችም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሙሉ ሱፍ፣ ከረባት፣ በድሬ ቀትር! መብራትም ቀን ጠብቆ ሄደ። ላባቸው እየተንቆረቆረ ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። አንደኛው አንገቱን ወዲህም ወዲያም አዘንብሎ ሲያበቃ «ይህ ነገር ምን ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ዘመናዊ ሥዕል ነው» አለ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

ጉዳያቸውን ተናግረው እሺታ አገኙ። ሊነሱ ሲሉ ግን ትልቁ ሽማግሌ «የልጅቷ አያት በሕይወት እንዳሉ ሰምተናል፤ እሳቸው ሳይመርቁ እንዴት እንሄዳለን?» አለ።

«ንፋስ ልትቀበል ወጥታ ነው» አለ ወንድሜ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሽማግሌው ግንባሩን በመሀረብ ጠረገ። «እኛም ብንቀበል ደስ ይለን ነበር» አለ።

ሄድን። ወንድሜ ከፊት፣ ሱፎቹ ከኋላው፣ ዙሪያውን ዞረን። ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ቆማ እንደ ድሬ ወጋችን ሁሉንም አንተ እያለች አስገባቻቸው፤ «ግባ! አንተ ረጅሙ፣ ጭንቅላትህን እንዳትመታ!» ግቢዋ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ እናቴ እንደ እመቤት ተቀምጣለች። ፊቷ ተመልሶ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ በአንድ ቀን! ተከትላን የመጣችው የወንድሜ ልጅ የአያቷን ጉልበት ሳመች። እናቴም እጇን ዘርግታ «ውለዱ፣ ክበዱ። ለእኔ እንደሰጠኝ ደግ ጎረቤት ይስጣችሁ» ብላ መረቀች። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፣ ጎረቤታችን አሚን አለች። ወንድሜ አፉ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ በቃ ቤትሽ ግቢ፤ በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አላት።

«ሂድ ልጄ፣ አበባህን ውሃ አጠጣ» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ያፈርሰዋል ብዬ ነበር። የት አባቱ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እናቴም እዚያው ቀረች። ረቡዕና አርብ ያ የሙስሊም ቤት ለእሷ ሲባል ሽሮ ይበላል። ወንድሜ ደግሞ ቀትር ላይ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ሲተኛ፣ ቤቱ ስለማያስተኛው ትራሱን በብብቱ ይዞ የጎረቤት በር ያንኳኳል። እናቴ «ቤትህ እንዴት ነው?» ስትለው «ቀዝቃዛ ነው» ይላታል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ። አታፋጥጠውም። ያንን የታመመ ጉልበቷን ይዛ እየተንፏቀቀች ንፋስ የሚመጣበትን ቦታ ትለቅለታለች፤ እስኪነቃም ድረስ በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ትከላከልለታለች።

ባለፈው እንዲህ ስታደርግ ደረስኩባትና ደሜ ፈላ። «ከገዛ ቤትሽ ያስወጣሽ እኮ እሱ ነው! ለዚህ ለማይረባ ነው ዝንብ የምታባርሪው?» አልኳት።

እናቴ ቀና ብላም አላየችኝም። «ቀስ ብለሽ አውሪ» አለችኝ፣ «ገና አሁን እኮ ነው እንቅልፍ የወሰደው።»