የአንድ ቀን ፍሪጅ

እናቴ ተጂ የምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዳ ያደገች ሴት ነበረች። እዚያ እንግዳ የሚመጣበት ቤት ባዶ ሆኖ አይታይም። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ የሚጠየቅ ቀን ጎረቤት ምንጣፉን፣ ወንበሩን፣ ደህና ደህናውን ብርጭቆ አምጥቶ ቤቱን ይሞላዋል፤ እንግዳው ሲሄድ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመለሳል። ዕቃው የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እማዬ ይህን ልማድ ሰበታ ድረስ ይዛው መጣች፤ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከአከራያችን ግቢ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይተን፣ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። አከራያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ አክብሮ ኦቦ ነው የሚላቸው። እማዬ ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ፤ ስኳር ከያዛት ወዲህ ግን ጉልበቷ ከዳት። ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ እኛ ፍሪጅ የለንም። ስለዚህ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጋ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ እዚያ ትቀብረዋለች።

የግቢው በር ላይ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ነፍሷን ይማርና ደግ ሴት ነበረች ልል ነበር፣ ኧረ በሕይወት አለች፣ ዕድሜ ይስጣት፤ "ምን አለበት፣ የእኔ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው" ብላ ስንቴ ለምናታለች። እማዬ ወይ ፍንክች! "በየጠዋቱ የሰው በር አላንኳኳም። መርፌዬ ከለስላሳ ጋር ተደርድሮ ሰፈሩ ሁሉ በሽታዬን ይይልኝ?" ትላለች። ለእንግዳ ቀን መዋስ ክብር ነው፣ በየቀኑ ማስቸገር ግን ልመና ነው። የእሷ ሕግ ይኸው ነበር። አንዳንዴ ተናድጄ "እንግዲያው ክብርሽን ተወግተሽ ዳኚበት!" እላታለሁ። ትስቅብኛለች።

ደመወዜ ኪራዩን ሸፍኖ፣ እህል ገዝቶ፣ መድኃኒት ላይ ሲደርስ ያልቃል። ተስፋችን በሙሉ የጤና መድኅን ካርድ ላይ ነበር፤ መዋጮውን መክፈል ለማይችል በነፃ የሚሰጠው። እሱን ለማግኘት ደግሞ "የድሃ ድሃ" መባል ያስፈልጋል። እማዬ ይህን ስትሰማ አማተበች። "አንድ ጊዜ ድሃ መባል አይበቃም እንዴ?" አለች። ቢሆንም እጇን ይዤ ወስጄ አስመዘገብኳት። ከዚያ አንድ ቀን የቀበሌዋ ሴት በየቤቱ ዞራ "ከአዲስ አበባ አጥኚዎች ይመጣሉ፤ ኑሯችሁን ያያሉ፤ ከቤት እንዳትጠፉ" ብላ ሄደች። ካርዱን የሚወስነው ይኸው ጥናት መሆኑን አልተነፈሰችም።

የመጡ ቀን የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። ስመለስ በር የተሳሳትኩ መሰለኝ። የኦቦ ሶፋ ከነዳንቴሉ ተዘርግቷል። ቴሌቪዥናቸው የልብስ ሳጥናችን ላይ ጉብ ብሏል። ጥግ ላይ የባለሱቋ ትንሿ ፍሪጅ ታጉረመርማለች። ኦቦ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባለሱቋ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ የሁለቱም ፊት እንደ ሰርገኛ በርቷል። እማዬ ፊት ለፊት ታብሌት የያዘች ወጣት ልጅ አለች።

"አካም ጅርታ?" ብለው ሰላም አሉኝ ኦቦ። ዓይኔ ፍሪጁ ላይ ነበር።

"ሶፋ፣ አለ። ቴሌቪዥን፣ አለ" ትላለች ልጅቷ ታብሌቱን እየነካካች። "ፍሪጁም የራስዎ ነው ማዘር?"

"አዎ የኔ ልጅ፣ እሱ ይመስገን" አለች እማዬ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ደሜ ፈላ። "ኧረ የእኛ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "የጎረቤት ነው! እናንተ ትመጣላችሁ ተብሎ ነው የገባው!"

ኦቦ መሬት መሬቱን አዩ፤ እማዬ በዓይኗ ቀጣችኝ። "ልጄ ቀልድ ትወዳለች። ከሥራ ገብታ ደክሟት ነው" አለች።

ልጅቷ ፈገግ አለች። ክፋት የለባትም፤ እንደ ጓደኛ ነው ያናገረችኝ። "አይዞሽ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለን። ቡራዩ ላይ አንዱ ፎቁን ራሱ የአጎቴ ነው ብሎኛል" አለችና ተነስታ ፍሪጁን ከፈተችው። የእማዬ ኢንሱሊን በሩ ላይ፣ የእንቁላል ማስቀመጫው ውስጥ ቆሟል። ስሟ ተጽፎበታል። ምስኪን፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን ፍሪጅ ቤቷ ስለገባ ከአሸዋው አውጥታ አስገብታዋለች።

"እሺ፣ ይሄስ የማን ነው?" አለችኝ።

ወደ ማሰሮው እየጠቆምኩ ላስረዳት ሞከርኩ። እዚህ አሸዋ የሞላ ማሰሮ፣ እዚያ መድኃኒቱን የያዘ ፍሪጅ። የቱን ታምናለች? ሰው ሁሉ ሀብቱን በሚደብቅበት አገር ድህነቱን የሚደብቅም አለ ብሎ ማን አስተማራት?

እንግዳዋ ስትሄድ ከእማዬ ጋር ተጣላን። "ኦቦ በዚያ ወገባቸው ሶፋ ተሸክመው መጥተው፣ ዓይናቸው እያየ የእኔ አይደለም ልበል? ሰው አይደለሁም?" አለችኝ። በማግስቱ ፍሪጁ ወደ ሱቅ፣ ብልቃጡ ወደ አሸዋው ተመለሱ።

ካርዱ ተከለከልን። ቢሮ ሄጄ አንባረቅኩ። "ቤታችሁ ደህና ኑሮ ያለው ሆኖ ነው የወጣው፤ ጥናቱን እኛ አንነካውም" አሉኝ። ኦቦና ባለሱቋ ራሳቸው ሄደው ዕቃው የእነሱ እንደሆነ መሰከሩ። "ለጎረቤት የማይመሰክር አለ እንዴ?" ተብለው ተመለሱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የእኛ ሀብት እነሱ ነበሩ፣ ያ ታብሌት ግን ሶፋቸውን እንጂ እነሱን መቁጠር አልቻለም።

እማዬ ከዚያ በኋላ መርፌውን አንዳንድ ቀን ትዘል ጀመር። አልነገረችኝም፤ እኔ ሥራ ስሆን ነው የምትወጋው። ክረምቱ መሐል ላይ ራሷን ሳተች። ኦቦ ዝናቡ ውስጥ ሮጠው መኪና ለመኑልን። ወደ ሆስፒታል ስንሄድ፣ ዓለም ገናን እንኳ ሳናልፍ ጭኔ ላይ አረፈች። ለለቅሶው ሶፋው እንደገና መጣ።

ያቺ ልጅ ለጥናቱ ሁለተኛ ዙር ስትመጣ እኔው ነበርኩ በሩን የከፈትኩላት። ባዶውን ክፍል ዞራ አየች፤ ታብሌቷንም አየች።

"ፍሪጁስ? ተሸጠ፣ ተሰረቀ፣ ወይስ ተበላሸ?"

"ባለቤቷ ወሰደችው።"

"እንዲህ የሚል ምርጫ የለውም" አለች። ከዚያ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ቀን ትዝ ያላት መሰለኝ። "ማዘርስ?" አለች።

ማሰሮውን ጎትቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። አሸዋውን አሁንም በየጠዋቱ አረጥበዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ቆፍሬ ብልቃጡን አውጥቼ ሰጠኋት። ከግማሽ በላይ መድኃኒት አለበት። ለእኔ ደመወዝ አዝና፣ እየዘለለች የቆጠበችልኝ ነው።

ልጅቷ ብልቃጡን እንደያዘች ስሟን አነበበች። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ቀስ ብላ፣ "በዚህ ዙር እንኳ ካርዱ የሚወጣልሽ ይመስለኛል" አለችኝ።

ብልቃጡን ከእጇ ተቀብዬ መልሼ አሸዋው ውስጥ ቀበርኩት።